መኪናዬን ያፈላት ጭድ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ሰው ያረጁ መኪኖች ዓባይ በረሃ እንዳይገቡ ይከልከሉ ብለው ጽፈው አነበብኩ። አቀበቱ ላይ እየፈሉ ቆመው መንገድ ይዘጋሉ ነው ቅሬታቸው። መዝጋታቸው እውነት ነው። እኔም ዘግቼ አውቃለሁ። ነገሩን እርጅና ላይ ማላከካቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የኔዋ ኮሮላ በፈረንጅ 1998 የተሠራች ናት፣ ዕድሜዋን አልክድም፤ እዚያ አቀበት ላይ የፈላችው ግን አፍንጫዋ ተደፍኖ ነው።

ታሪኩን ልንገራችሁ። አምና ጥር ላይ ለሠርግ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የባለቤቴ ወንድምና ከኋላ እስከ ጣሪያው የተጠቀጠቀ ዕቃ። ፍቼን እንዳለፍን ጭድ እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገባ። መንገዱ ጠባብ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ብዙ፣ መቅደም አልቻልኩም፣ ስለዚህ ጭዱ መስታወታችን ላይ እየዘነበ እስከ ገብረ ጉራቻ ድረስ ጭራውን ተከትዬ ነዳሁ። አማቴ "ይሄ ሰውዬ ከብቶቹ ጋ ሳይደርስ ሊያልቅበት ነው" እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ጭድ የት እየገባ እንደሆነ አላሰብኩም።

ጎሐ ጽዮን ሻይ ጠጥተን ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ ሞተር ብዙ አይለፋም፣ የሙቀት መለኪያዋ ቀስት መሀል ላይ እንደተቀመጠች ነው። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ግን ሌላ ነገር ሆነ። ታች ያለውን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኤሲ ከፍተናል፣ አራት ሰው ከነዕቃው ተጭነናል፣ ከፊታችን ደግሞ አንድ ሲኖትራክ በአንደኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። ሁለት መታጠፊያ እንደወጣን የሙቀት ቀስቷ ከመሀል ተነስታ ወደ ቀዩ ሄደች። ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፋኖውን ስከፍት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። የባለቤቴ ወንድም ሃይላንድ ውሃ በአንድ እጁ፣ ፎጣ በሌላ እጁ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ጠጋ ሲል፣ ከኋላችን "ተው! ተው አንተ ልጅ! ፊትህን ልትቀቅል ነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ። ረዳታቸው ጎማ ሥር ድንጋይ እስኪያደርግ ወርደው ወደ እኛ መጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል አስቆሙን። ማንም ክዳን እንዳይነካ አሉ። ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ የተያዘ ነው፣ ክዳኑ በተከፈተች ቅጽበት በአንዴ ፈልቶ እንደ መድፍ ነው የሚወጣው። የሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም እንዲሁ ጥፋት ነው፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ መንገድ ላይ ሲቸኩል ግን ይረሳዋል። እኛም ረስተነው ነበር።

ሞተሩ ሲበርድ ከጀሪካናቸው ውሃ ሞሉልንና "ወረቀት አለህ?" አሉኝ። መኪናው ውስጥ የነበረው የእናንተው ጋዜጣ ነው። አንድ ገጽ ቀደዱ (ይቅርታ፣ የስፖርቱን ነው)። ሞተሩን አስነስቼ ኤሲውን እንድከፍት አዘዙኝ፣ ፋኑ መዞር ጀመረ። ወረቀቱን ከፊት ፍርግርጉ ላይ ለቀቅ አደረጉት። ጋዜጣው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። "አየህ ልጄ? ጤነኛ ብትሆን ስባ ትለጥፈው ነበር። አትተነፍስም" አሉኝ።

ከዚያ "ኤሲህን ዝጋ፣ ማሞቂያውን ክፈትና ውጣ" አሉ። አማቴ በዚህ በረሃ ማሞቂያ ምን የሚሉት እብደት ነው አሉ። እብደት ግን አይደለም። የመኪና ማሞቂያ ማለት ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው፣ የሞተሩን ሙቀት ወስዶ ወደ እኛ ይነፋዋል። ኤሲው ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፣ ከራዲያተሩ ፊት ተቀምጦ የራሱን ሙቀት ይጨምርበታል። አራቱንም መስኮት ከፍተን፣ በላብ ተጠምቀን፣ ሁለት ቦታ አርፈን ደጀን ገባን። ሠርጉ ላይ ስንደርስ ሙሽሮቹ ገብተው አልቋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከዚያ ጉዞ በፊት መኪናዋ አዲስ አበባ ውስጥም ትራፊክ ሲበዛ ትሞቅ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ስሙን አልጠራም፣ ከሌላውም የባሰ አይመስለኝም። መጀመሪያ "የውሃ ፓምፑ ነው" ተባለ፣ ተቀየረ። ሞቀች። ቀጥሎ "ቴርሞስታቱ ነው" ተብሎ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር ነው) ወጥቶ ተጣለ። አልተተካም፣ ተጣለ ነው የምላችሁ። አሁንም ሞቀች። በሦስተኛው "ራዲያተሩ አልቆለታል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ሌላ ፈልግ" ተባልኩ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ሰው ባትሪ አብርቶ ራዲያተሩን አላየም። ሁሉም የሚያየው የሚቀየረውን ዕቃ ነው።

ከደብረ ማርቆስ እንደተመለስን ቅዳሜ ዕለት ከጎረቤቴ ጋር ከፈትናት። ጎረቤቴ በወጣትነቱ መካኒክ ነበር። ከላይ ራዲያተሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትቶ ራዲያተሩን ወደ ሞተሩ ትንሽ አጋደመውና "ና እይ" አለኝ። ለማያውቅ ልንገር፤ ኤሲ ያለው መኪና ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው ያለው። ከፊት የኤሲው ኮንደንሰር፣ ማለትም የኤሲውን ሙቀት የሚያስወጣው፣ ከኋላው ራዲያተሩ። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ቢሆን ነው። በፍርግርጉ በኩል ስታዩ የምታዩት ኮንደንሰሩን ነው፣ እሱ ደግሞ ንጹሕ ይመስላል። ኮፋኖ ከፍታችሁ ከሞተሩ በኩል ስታዩ የራዲያተሩን ጀርባ ነው የምታዩት፣ እሱም ንጹሕ ነው። ቆሻሻው ግን በላይና በጎን ባለው ሽንቁር ሾልኮ መሀል ገብቶ ይቀመጣል። ማንም አያየውም።

እኛ ያገኘነውን ልግለጸው። ከታች የነበረው የዓመታት አቧራ ነው፣ የሆነ የዘይት ወዝ ነክቶት እንደ ጭቃ ተለጥፏል። ጭቃው ላይ የጃካራንዳ አበባ ደርቆ ተጣብቋል፣ ያ የኛ ሰፈር ነው። የቢራቢሮ ክንፍ፣ የአንበጣ እግር፣ ግማሽ ጥቁር ፌስታል። ከዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ያ የአይሱዙው ጭድ ተነጥፎበታል። ጎረቤቴ በጣቱ ጫፉን ይዞ ሲስበው እንደ ጀበና ውታፍ ተጠቅልሎ አንድ ላይ ወጣ። ከራዲያተሩ ግማሽ የሚሆነውን የሸፈነ ውታፍ። ፋኑ ምን ይሳብ? አየሩ በየት ይግባ? ሜዳ መንገድ ላይ በሰማንያ ስትነዱ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ስለሚገባ ችግሩ አይታወቅም፤ አቀበት ላይ ሲኖትራክ ተከትላችሁ በአሥር ኪሎ ሜትር ስትንፏቀቁ ግን ያላችሁ ፋኑ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ዓባይ ላይ የሚጋለጠው።

እንዴት እንዳጸዳነው ደግሞ ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው መኪናውን ይጎዳል። ሞተሩ ፍጹም መብረድ አለበት። መጀመሪያ ደረቁን በለስላሳ ብሩሽ፣ የራዲያተሩ ስስ የብረት ክንፎች በተደረደሩበት አቅጣጫ ብቻ። እነዚያ ክንፎች እንደ ሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ነው የሚሳሱት። ከዚያ በተራ የአትክልት ጎማ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ውሃ መልቀቅ። በመጣበት መንገድ ይመለስ እንደማለት ነው፤ ከፊት ከረጫችሁበት ግን ቆሻሻውን ይብስ ወደ ውስጥ ነው የምትጠቀጥቁት። ወዝ ካለው ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ትንሽ ይንከር። ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ማያያዣዎች ውሃ እንዳይነካቸው በፌስታል ሸፍነናቸው ነበር። ፌስታል ለዚያች መኪና ደግ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ላቫጆ ለምትሠሩ ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ። ያንን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን ጠመንጃችሁን እባካችሁ በፍርግርጉ በኩል ራዲያተር ላይ አታነጣጥሩ። ክንፎቹ ይተኛሉ፣ የተኛ ክንፍ ደግሞ ልክ እንደ ቆሻሻ አየር ይዘጋል። የኔዎቹን በወረንጦ አንድ በአንድ ለማቃናት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀብን፣ ግማሹንም አልጨረስነውም።

በአጎበር ጨርቅ ፍርግርጋቸውን የሚሸፍኑ ሹፌሮች አይቻለሁ። ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ በምሽት ለሚነዳ ሰው ትንኙን ስለሚያስቀር አይከፋም። ግን በየጉዞው ካልተራገፈ እሱ ራሱ መጋረጃ ይሆናል።

ይሄ የውጪው ነው። የውስጡስ? ጎረቤቴ ከታች ያለችውን ማፍሰሻ ሲፈታ የወጣውን ውሃ ብታዩ! ቅራሪ ነው የሚመስለው፣ ቡናማ፣ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ያለው። እኔ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ነበር የምሞላው። "አዲስ አበባ በረዶ የላት፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርግልናል?" የሚለውን ተረት አምኜ። ስሙ ነው ያሳሳተን፤ አንቲፍሪዝ ማለት እንዳይቀዘቅዝ የሚከላከል ማለት ነው፣ ኩላንት የሚባለውም እሱው ነው። ኩላንት እንዳይቀዘቅዝ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ዝገት ይከላከላል፣ የውሃ ፓምፑን ጎማ ይጠብቃል፣ ውሃው የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል።

ይሄ የመጨረሻው ደግሞ ለኛ ለደገኞቹ ከሌላው የበለጠ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ላይ ተራ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 አካባቢ ነው። ሽንብራ ሲቀቅሉ ከቆላ ሰው የበለጠ የሚጠብቁ እናቶች ይሄን ያለ ቁጥር ያውቁታል። የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ በ82 ዲግሪ ነው። በሁለቱ መሀል ያለችው አሥር ዲግሪ ናት። ያቺን ጠባብ ቦታ ከኩላንቱ ጋር ሆኖ የሚያሰፋላችሁ የራዲያተሩ ክዳን ነው። የጃፓን መኪና ከሆነ ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ክዳን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ እንዳይፈላ አፍኖ ይይዘዋል። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ ያኔ ሞተራችሁ ውስጥ ያለው ድስት ነው። ክዳን ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ነው። ሰው ግን ራዲያተር ቀይሮ አሮጌውን ክዳን መልሶ ይገጥማል!

የቧንቧ ውሃ ሌላም ጣጣ አለው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል። ውሃው ኖራ አለው፣ ሲሞቅ ኖራው ተለይቶ ትኩሱ ብረት ላይ ይለጠፋል። መኪና ውስጥም ያው ነው፣ ብዙ የሚጋገረው በጣም በሚሞቀው በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ዙሪያና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩላንቱን የምትበርዙበት ውሃ የተጣራ ይሁን። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል። ብቻ ስትገዙ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጠርሙሱን ደህና አድርጋችሁ እዩ። የምትገዙት ተበርዞ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ምንም መጨመር አያስፈልግም።

እኛ ንጹሕ ውሃ እየሞላን፣ ማሞቂያውን ከፍተን ሞተሩን እያስነሳን፣ አብርደን እያፈሰስን አራት ጊዜ ደጋገምነው። በአራተኛው ጠራ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ኩላንት የሚባለውን በተመለከተ፣ ቀለም ዓይነቱን በእርግጠኝነት አይነግራችሁም፤ የመኪናውን መጽሐፍ ወይም የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። ዓይነቱን ሳታውቁ አሮጌው ላይ አዲስ አትደባልቁ፣ አንዳንዱ ሲገናኝ እንደ ቡላ ገንፎ ይረጋል። የሚያፈስ ራዲያተር ለመድፈን እንቁላል የሚጨምሩ፣ ዱቄት የሚጨምሩም አሉ። በረሃ መሀል ነፍስ ለማዳን ከሆነ ይቅር ይባል። ከተማ ገብተህ ሳታጥበው ከከረምክ ግን ቀዳዳውን ብቻ አይደለም የሚደፍነው፣ ሁሉንም ነው።

የፈሰሰውን ደግሞ እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ ውሻም ከብትም ይልሰዋል፣ ሕፃን ልጅም፤ ከባድ መርዝ ነው። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ መልሶ ማስቀመጥማ በጭራሽ አይሆንም።

ቴርሞስታት ማውጣትን በተመለከተ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። መካኒኮቻችን "አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም" ይላሉ። ኮተቤ በኅዳር ማለዳ ማን ነው ሞቃት ያለው? ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቀዝቅዞ ሲሠራ ውስጡ እየተፋቀ ቶሎ ያልቃል። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጯን መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት ውሃው ግማሹ ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሙቀት ለመቀነስ ተብሎ የወጣው ነገር ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው! መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ቀላል ነው። ድስት ውሃ ውስጥ ጨምሮ መጣድ ነው። ውሃው ሳይፈላ በፊት አፉን ከከፈተ ደህና ነው፣ ውሃው እየተንተከተከ እሱ ዝም ካለ ሞቷል። (ድስቱ የባለቤቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ነው የሚኖረው።)

ይሄን ሁሉ የምለው ለምንድነው? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን አሉ፤ በክልከላ ከዓባይ ከማባረር ማጽዳቱ ይቀላል። አንዴ በደንብ ከፈላች ቴስታታው ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ዘይትና ውሃ ተደባልቆ ዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ያኔ የምታወጡት ገንዘብ ከብሩሽና ከጎማ ውሃ ጋር አይወዳደርም። በኤሌክትሪክ መኪና የምትኮሩትም ብዙ አትሳቁብን፤ ከተማውን የሞላው አይዲ 4 ባትሪውን የሚያበርደው በኩላንት ነው፣ ፊቱ ላይ ራዲያተር አለው፣ ጭዱ ደግሞ ነዳጅና ኤሌክትሪክ አይለይም።

እኔ አሁን በዓመት ሁለቴ፣ ከአጨዳው በኋላና ከክረምት በፊት፣ ብሎኖቹን ፈትቼ መሀሉን አያለሁ። ከረጅም መንገድ ስመለስ ደግሞ ባትሪ አብርቼ በላይ በኩል አጮልቃለሁ። ኩላንቱን እንደ ዓይነቱ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው እቀይራለሁ። ቴርሞስታቷም ተመልሶላታል።

ዘንድሮ ለፋሲካ በዚያው መንገድ ወርደን ነበር። ከታች ድልድዩ ጋ ቆሜ ጋዜጣ አስጠጋሁላት፣ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ኤሲ ተከፍቶ፣ አማቴ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ቀስቷ መሀል ላይ እንዳለች ደጀን ወጣን።

እኚያን ሹፌር መንገድ ላይ ስፈልጋቸው ነበር፣ አላገኘኋቸውም። ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡ ቢጫዋ ጀሪካንዎ እኔ ጋ ናት። ያን ዕለት በችኮላ ይዘንባት ሄድን። አጥቤ አስቀምጫታለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከኮተቤ